ከምን ከፍሎ ዳነ?

ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያውን ተጣጣፊ ስልኩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስልኩ 200,000 ጊዜ ታጥፎ ቢዘረጋ እንደሚችለው ተናግሮ ነበር። በቀን መቶ ጊዜ ለሚከፍትና ለሚዘጋ ሰው አምስት ዓመት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ቁጥሩ የተነገረው ለማስደነቅ ነው፤ ልብ ብሎ ለሰማው ግን ሌላም ነገር ይናገራል። መታጠፍ በጥቂት በጥቂቱ መሰበር ነው። አምራቹ የነገረን ስብራቱ ሳይመጣ የሚቆይበትን ጊዜ ነው፤ አይመጣም አላለንም።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት የተከፈተ ስልክ ሆድ ውስጥ መመልከት ይበቃል። ስክሪኑን ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኘው፣ ጠጋኞች «ፍሌክስ» የሚሉት ጥብጣብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ጥብጣቡ ፖሊይማይድ የተባለ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ሲሆን፣ ውፍረታቸው ከፀጉር ያነሰ የመዳብ መስመሮች ተነጥፈውበታል። ፕላስቲኩ መታጠፍ አይከብደውም። መዳቡ ግን ይታገሠዋል እንጂ አይወደውም። በታጠፈ ቁጥር በውስጡ የተደረደሩት አተሞች ይንሸራተታሉ፣ ድርድራቸው ይዛባል፣ የተዛባውም እርስ በርሱ ይቆላለፋል። መዳቡ ይደድራል፤ የደደረ ደግሞ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጠዋል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ወይም ይባስ ብሎ፣ ስልኩን ዘንበል ሲያደርጉት እየበራ ቀና ሲያደርጉት እየጠፋ ባለቤቱን ያሰቃያል።

ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ የማይሰበር እንዴት እንሥራ? ካለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት ወዲህ ሌላ ጥያቄ ጎን ለጎን ተነሣ። መሰበሩ አይቀርም ብለን ብንነሣስ? ሲሰበር ራሱን የሚገጥም፣ ገጥሞም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቁስ መሥራት አይቻልም ወይ? ጥያቄው የምህንድስና ይምሰል እንጂ፣ ከሥሩ ያለው የቆየ የሰው ልጅ ጥያቄ ነው፤ የተጎዳ ነገር ምን ቢኖረው ነው የሚድነው? ቤተ ሙከራዎቹ የሰጡትን መልስ አንድ በአንድ ስመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ሳይከፍል የዳነ የለም። ልዩነቱ ሁሉ የሚከፈለው ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ከቁጠባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ስኮት ዋይት፣ ናንሲ ሶቶስ፣ ጄፍሪ ሙርና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ፕላስቲክ አስተዋወቁ። በፕላስቲኩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ጥቃቅን እንክብሎች ተበትነዋል፤ ከእነርሱ ጋር ፈሳሹን የሚያጠጥር ቀስቃሽ አለ። ስንጥቅ ሲመጣ እንክብሉን ሰንጥቆት ያልፋል፤ ፈሳሹ ወደ ስንጥቁ ይሰርጋል፤ ከቀስቃሹ ጋር ሲገናኝ ይጠጥራል። ያ ፕላስቲክ ስንጥቅ የመቋቋም ዐቅሙን እስከ 75 በመቶ መልሶ አገኘ። መድኃኒቱን የሚከፍተው ጎጂው ራሱ ነው፤ ጠባቂም ጠሪም አላስፈለገውም።

ይኸው ቡድን ቆየት ብሎ ዘዴውን ወደ ኤሌክትሪክ አመጣው። ከወርቅ በተሠራ መስመር ላይ የጋሊየምና የኢንዲየም ቅይጥ የያዙ እንክብሎችን አኖሩ። ሁለቱም ብረት ነክ ማዕድናት ናቸው፤ ሲቀየጡ ግን በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። መስመሩ ሲሰበር እንክብሎቹም አብረው ተሰበሩ፣ ፈሳሹም ክፍተቱን ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በአብዛኞቹ ናሙናዎች የማስተላለፍ ዐቅሙ ወደ 99 በመቶ ገደማ የተመለሰው ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። የዓይን ጥቅሻ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ይረዝማል።

ግን እንክብሉ ፈሰሰ፤ አለቀ። በዚያው ቦታ ሁለተኛ ስብራት ቢመጣ የሚያገኘው ባዶ ቅርፊት ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን አልሳቱትም። ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በእንክብል ፈንታ የቀጫጭን ቦዮች መረብ በቁሱ ውስጥ ቀብረው ፈሳሹ ከሥር እየመጣ እንዲተካ አድርገው ነበር። በዚያ መንገድ አንዱ ስንጥቅ እስከ ሰባት ጊዜ ገጠመ። ሰባት ከአንድ ይሻላል። ስምንተኛው ሲመጣ ግን የቁጠባ ነገር ያው የቁጠባ ነው፤ ማለቁ አይቀርም።

ሁለተኛው ክፍያ ከጥንካሬ ነው፤ ይህኛው ረዘም ያለ ሐተታ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በፓሪስ የሉድቪክ ሌብለር ቡድን፣ ከአትክልት ዘይት ከሚገኙ ፋቲ አሲዶችና በማዳበሪያነት ከምናውቀው ከዩሪያ ተነሥቶ አንድ ላስቲክ ሠራ። የተራ ላስቲክ ሞለኪውሎች የተያያዙት በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ነው፤ ያ ትስስር አንዴ ከተበጠሰ በራሱ አይመለስም። የሌብለር ላስቲክ የቆመው በሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውሃን በክፍል ሙቀት ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው፣ የዘረ መልንም ሁለት ክሮች አጣምሮ የሚይዘው ይኸው ትስስር ነው። ለብቻው ሲታይ ደካማ ነው፤ ብርታቱ አብዛኛውን ጊዜ የጠንካራውን ትስስር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ይበጠሳል፣ ደግሞም ይያያዛል። ላስቲኩን በምላጭ ለሁለት ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ፣ ያለ ሙጫና ያለ እሳት ማቆየት ይበቃል፤ እንደገና ሲስቡት ይለጠጣል።

የላስቲክ ችግሩ ኤሌክትሪክ አለማሳለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዠናን ባኦ ቡድን፣ በዚሁ ዓይነት ትስስር በተሠራ ቁስ ውስጥ የኒኬል ቅንጣቶችን ቀላቀለ። ቅንጣቶቹ ሲነካኩ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናሉ። ቁሱ ሲቆረጥ ይራራቃሉ፤ ቁሱ ሲገጥም ተሸክሞ ያገናኛቸዋል። በክፍል ሙቀት በ15 ሰከንድ ውስጥ የማስተላለፍ ዐቅሙ 90 በመቶ፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ደግሞ ጥንካሬው ተመለሰ። ጫና ሲያርፍበትና ሲታጠፍ ስለሚሰማው፣ ለሰው ሠራሽ እጅና ለሮቦት ቆዳ እንዲሆን የታሰበ ነው።

ክፍያው የት አለ? ባኦና ባልደረቦቿ ከቁሱ ያገኙትን ከፍተኛውን የማስተላለፍ ዐቅም ከመዳብ ጋር ብናስተያየው፣ መዳብ አሥራ አምስት ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ኒኬሉን ቢያበዙት ማስተላለፉ ይሻሻላል፤ ኒኬሉ ሲበዛ ግን ቁሱ ይደርቃል፣ የሚገጥመውም ላስቲክ ቦታ ያጣል። ለመዳን ልል መሆን ያስፈልጋል፤ ለማስተላለፍ ደግሞ ጥቅጥቅ ብሎ መነካካት ያስፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ገላ ውስጥ እየተሻሙ ነው የሚኖሩት።

በሞንትሪያል ደግሞ የፋቢዮ ቺኮይራ ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል፤ ለዚህ ግኝት አለን ሂገር፣ አለን ማክዳያርሚድና ሂዴኪ ሺራካዋ እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከእነዚህ አስተላላፊ ፕላስቲኮች በሰፊው የሚታወቀው ፔዶት ከተባለው የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሞንትሪያሎቹ ሽፋኑን በምላጭ ቆርጠው በቁስሉ ላይ ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት፣ የተቋረጠው ኤሌክትሪክ ወዲያው ቀጠለ። ሽፋኑ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያበጠውም ጫፍ ከማዶው ይደርሳል። የዚህን ቁስ መድኃኒት ያወቀ ድክመቱንም አወቀ፤ ውሃ የሚያድነው ውሃ ስለሚያላላው ነው።

የሰውነታችንም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቆዳ ጭረት በቀናት ይሽራል። የተቆረጠ የክንድ ነርቭ ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ከክርን ተነሥቶ ጣት ጫፍ ለመድረስ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል። በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የነርቭ ገመድ በአዋቂ ሰው ላይ ከተቆረጠ እንደ ነበረ አይሆንም። ቶሎ የሚሽረው ክፍል መልእክት አያደርስም፤ መልእክት የሚያደርሰው ቶሎ አይሽርም። የሰውነት ምክንያትና የፕላስቲክ ምክንያት የተለያየ ነው። ሒሳቡ ግን ይቀራረባል።

በሌብለር ላስቲክ ላይ የታየ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ላስቲኩ ሲቆረጥ በሁለቱም ፊት ላይ አጣማጅ ያጡ ብዙ ጫፎች ይቀራሉ። ቶሎ ከተገጠሙ እያንዳንዱ ጫፍ ከማዶ የሚይዘው ያገኛል። ተለያይተው ከቆዩ ግን ጫፎቹ ተቀምጠው አይጠብቁም፤ በዚያው በራሳቸው ወገን ካለው ጎረቤት ጋር ይያያዛሉ። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር ክፍት የሚቀረው ጫፍ እያነሰ ይሄዳል፤ ዘግይቶ የተገጠመ ላስቲክም ሲስቡት ቶሎ ይለቃል። ሊጥ ያቦካ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት ድቡልቡል ሊጥ እርጥብ ሳለ ቢነካካ አንድ ይሆናል፤ ፊቱ ከደረቀ በኋላ ግን ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ አይዋሐድም። በላስቲኩ ላይ የሚደርቅ ነገር የለም። ፊቱን የዘጋው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ከራሱ ጋር መስማማቱ ነው።

ጊዜ የማይፈውሰው ቁስል የለም እያልን እንጽናናለን። ላስቲኩ በዚህ አባባል አይስማማም። ለተገጠሙት ፊቶች እያንዳንዷ ደቂቃ ጥቅም ናት፤ ለተለያዩት ፊቶች ያችው ደቂቃ ጉዳት ናት። ጊዜ የጀመሩለትን ሥራ ይጨርሳል፤ መገጣጠም ከተጀመረ መገጣጠሙን፣ መለያየት ከተጀመረ መለያየቱን። ነገር ሳይከር ሽማግሌ የሚላከውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የተጣሉ ሰዎች ተራርቀው ሲሰነብቱ ባዶ ሆነው አይቆዩም፤ እያንዳንዱ ቅያሜውን ከሚያጸድቅለት ወገን ጋር ይጣበቃል፣ የራሱን ታሪክ ያደላድላል፣ ሲገናኙም የሚዘረጋ እጅ አይተርፈውም። ከዚህም ሌላ፣ «ራሱን ያድናል» የተባለው ላስቲክ ጫፍና ጫፉን የሚያቀራርብለት እጅ ይፈልጋል። በቤተ ሙከራው ውስጥ ሁለቱን ቁራጮች ገጥሞ የያዘ ሰው ነበር። ማያያዙ የቁሱ ነው፤ ማቀራረቡ የሌላ።

ሦስተኛው ክፍያ ከመንገድ ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የካርመል ማጂዲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሥራ፣ በሲሊኮን ላስቲክ ውስጥ የጋሊየም ቅይጥ ጠብታዎች ተበትነዋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ታሽጎ ስላለ ቁሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መስመር እንዲሆን በተፈለገበት ላይ ሲጫኑት ጠብታዎቹ ፈርጠው ይገናኛሉ። ቆይቶ ያ መስመር ቢበሳ ወይም ቢቀደድ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያሉት ያልተነኩ ጠብታዎች በጉዳቱ ኃይል ይፈርጡና አዲስ መስመር ይሆናሉ። ኤሌክትሪኩ ቀዳዳውን ዞሮ ያልፋል። እዚህ የተሞላ ክፍተት የለም፤ የተገጠመም ጫፍ የለም። ቀዳዳው ቀዳዳ እንደሆነ ይቀራል፣ ሥራው ግን አልተቋረጠም። ብዙ ሰው ከከባድ ኀዘን የሚወጣው እንዲህ ነው ብል የሚያስተባብለኝ የሚኖር አይመስለኝም።

አራተኛው ክፍያ ከገላ ነው፤ ይህኛው ከሁሉ የቆየና ምናልባትም በቤታችሁ ያለ ነው። በማራገቢያና በውሃ ፓምፕ ሞተር ላይ የሚገጠመው ካፓሲተር ብዙ ጊዜ የሚሠራው፣ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ሽፋን ከተቀባ የፕላስቲክ ጥቅል ነው። ፕላስቲኩ አንድ ቦታ ላይ ደክሞ ኤሌክትሪክ ሲበሳው፣ በዚያች ነጥብ ዙሪያ ያለው ስስ ብረት በቅጽበት ይተናል። የተበሳችው ቦታ ከቀረው ተነጥላ ለብቻዋ ትቀራለች፤ ሌላው ክፍል ሥራውን ይቀጥላል። ካፓሲተሩ የዳነው የታመመችውን ነጥብ በመተው ነው። በተወ ቁጥር ግን መያዝ የሚችለው ኤሌክትሪክ እያነሰ ይሄዳል። ማራገቢያው ለዓመታት ሲዞር ኖሮ አንድ ቀን መነሣት ሲያቅተው ባለቤቱ ድንገት የተበላሸ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ካፓሲተሩ ሳይነግረን ብዙ ጊዜ ቆስሎ፣ ብዙ ጊዜ መዳኑ ነው።

ራሱን የሚያድን ነገር ላይ ያለኝ ትልቁ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። ዝም ብሎ የሚድን ዕቃ ዝም ብሎም ይታመማል፤ ቁጠባው የት እንደ ደረሰ፣ ገላው ምን ያህል እንደ ቀረ አይናገርም። የኢሊኖይ ተመራማሪዎች ይህንንም አስበውበታል። ከሥራዎቻቸው መካከል ኃይል ሲበዛበት ወይም ሲቧጨር የተጎዳው ቦታ ቀለሙን እየለወጠ የሚያሳይ ፕላስቲክ ይገኝበታል። ለእኔ ይህ ከማዳኑ ሥራ አያንስም። ሕመም መረጃ ነው፤ ሕመሙን ያጠፋ መረጃውንም እንዳያጠፋ መጠንቀቅ አለበት።

አሁን ደግሞ በአዲስ አበባ አንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ያቀረቀረውን ወጣት ተመልከቱ። ቦርዱን ከማጉያው ሥር አድርጎ፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከነጥብ ወደ ነጥብ ያንቀሳቅሳል። ቴስተሩ ሲጮኽ መስመሩ ደህና ነው፤ ዝም ሲል ተበጥሷል። ዝም ያለበትን ቦታ ሲያገኝ ሽፋኑን በምላጭ ጫፍ ይፍቃል፣ መዳቡ ብልጭ ሲል ያቆማል፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ዘርግቶ ይበይዳል። «ጃምፐር» ይሉታል። ከዚያ ቀና ብሎ ለባለቤቱ ይናገራል፤ ስልኩ ውሃ ገብቶበት ነበር፣ ዝገት ጀምሮታል፣ ከእንግዲህ ይጠንቀቁ። የሥራው ምልክት ቦርዱ ላይ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ጠጋኝ ሲከፍተው ምን እንደ ደረሰ ያነብበዋል።

በዚህ ወጣትና በእንክብሉ መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት አይደለም፤ በፍጥነትማ ተሸንፏል። እንክብሉ የሚያድነው ሠሪው አስቀድሞ ያሰበውን ስብራት ነው። በዚህ ስፋት፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ቦታ ይሰነጠቃል ብሎ ያሰናዳው ሰው ከተሳሳተ እንክብሉ ሌላ ዘዴ አያውቅም። ጠጋኙ የሚያድነው ማንም ያላሰበውን ስብራት ነው። አንዱ አርቆ ማሰብ ነው፤ ሌላው ከፊት የተገኘውን አይቶ መፍረድ ነው። እጅ በማይደርስበት፣ በሰው ገላ ውስጥ በተቀበረ መሣሪያ ወይም ከምድር በራቀ ሳተላይት ውስጥ፣ አርቆ ከማሰብ በቀር ምርጫ የለም፤ እዚያ ራሱን የሚያድን ቁስ እንደ በረከት የሚቆጠር ነው። እጅ በሚደርስበት ግን አንዱ ሌላውን ማባረር የለበትም። «ራሱን ያድናል» ተብሎ በሙጫ የታሸገ፣ ጠጋኝ ሊከፍተው የማይችል ዕቃ፣ ቁጠባው ያለቀ ዕለት ቆሻሻ ነው። ስልክን አስጠግኖ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አሸጋግሮ በሚኖር አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ለገዢ ነው። እነዚህ ቁሶች ከቤተ ሙከራ ወጥተው ገበያ ላይ መምጣታቸው አይቀርም። ሻጩ ራሱን የሚያድን ዕቃ ነው ብሎ ሲያቀርብላችሁ መደነቁን ለኋላ አቆዩትና ጠይቁ። ስንት ጊዜ ይድናል? ለመዳኑ ምን ይከፍላል፣ ጥንካሬውን፣ ፍጥነቱን ወይስ ዕድሜውን? ሲጎዳ ይነግረኛል ወይ? መዳን ያቃተው ቀን ጠጋኝ ሊከፍተው ይችላል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዕቃ ሕመሙን የሚደብቅ ዕቃ ነውና ገንዘባችሁን ያዙ።